ፈረሱ ግመሏን ያየ ዕለት

ፈረሱ ድንገት ቆመ። ጆሮዎቹ ወደ ፊት ቀጥ አሉ፤ አፍንጫው ተነፋ፤ ከዚያም ኃይለኛ ትንፋሽ አስወጥቶ ወደ ጎን ዘለለ። ከኮርቻው ልወድቅ ምንም አልቀረኝም ነበር። ከፊታችን ሃምሳ እርምጃ ያህል ራቅ ብላ አንዲት ግመል ቆማ እሾሃማ ቁጥቋጦ ትቀነጥሳለች። ሌላ ምንም ነገር የለም። ተናድጄ በተረከዜ ጎኑን መታሁት። ይባስ ብሎ ወደ ኋላ ያፈገፍግ ጀመር።

«ልጄ፣ አትምታው» አሉኝ የግመሏ ባለቤት ከተቀመጡበት ሳይነሱ። «እሱ ያመነው አፍንጫውን ነው። ውረድና አብረኸው ቁም።»

ወረድኩ። ልጓሙን ይዤ ከአንገቱ ሥር ቆምኩ። ቆዳው በላብ ርሷል፤ የልቡ ምት ከክርኑ ጀርባ በዓይን ይታያል። ግመሏ ቀና ብላ ለአፍታ አየችንና ወደ እሾኋ ተመለሰች። ያን ዕለት ፈረሱን መምታቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለ ሁለቱ እንስሳት አጥብቄ ማንበብና መጠየቅ የጀመርኩትም ከዚያ በኋላ ነው።

እንዲህ የደነገጠው የእኔ ፈረስ ብቻ አለመሆኑን ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የፋርሱ ንጉሥ ቂሮስ ዛሬ ቱርክ በምትባለው ምድር ከነበረችው ከልድያ ንጉሥ ከክሮሰስ ጋር በሰርዴስ ከተማ ፊት ለፊት በነበረው ሜዳ ላይ ሲገጥም፣ የልድያ ፈረሰኞች በዘመኑ የሚፈሩ ነበሩ። ቂሮስ ዕቃ ጫኝ ግመሎቹን ከጭነታቸው አራግፎ ሰው አስቀመጠባቸውና ከሠራዊቱ ፊት አሰለፋቸው። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ እንደጻፈው የልድያ ፈረሶች ግመሎቹን አይተውና አሽትተው ዞረው ሸሹ፤ ፈረሰኞቹም ወርደው በእግራቸው ለመዋጋት ተገደዱ። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል፤ ያን ቀን ግን ማድረሱም አልሆነለትም።

ያደግኩት በፈረስ ፍቅር ስለሆነ ግመልን የምመዝነው ሁልጊዜ በፈረስ ሚዛን ነበር። አንገቷ ከመጠን በላይ ረዘመብኝ፣ ጉልበቷ ጎረበጠኝ፣ ጀርባዋ ተጣመመብኝ፣ አረማመዷ ሰነፈብኝ። ፈረስ ለዓይኔ የተጠናቀቀ ሥራ ነበር፤ ግመል ደግሞ ከተረፈው ነገር ተገጣጥማ የተሠራች ትመስለኝ ነበር። ብዙ ሰው ዛሬም እንዲህ ያስባል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ «የቱ ይበልጣል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሲያጋጥመኝ፣ መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ቀጣዩ ውኃ ስንት ቀን ይርቃል?

የትውልድ ስፍራቸውን ስሰማ መጀመሪያ አላመንኩም ነበር። ግመል የዓረብ በረሃ ልጅ፣ ፈረስም የእስያ ሜዳ ልጅ ይመስለኝ ነበር። ሁለቱም የተገኙት ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ነው። የፈረስ ቅድመ አያቶች ከ50 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከውሻ የማይበልጡ፣ በጫካ ውስጥ ቅጠል የሚለቅሙ እንስሳት ነበሩ። የግመል ዘሮችም ከ40 ሚሊዮን ዓመታት በፊት በዚያው አህጉር በትንሽ አካል ብቅ አሉ። ሁለቱም ከጊዜ በኋላ አላስካንና ሳይቤሪያን ያገናኝ በነበረው የብስ ወደ እስያ ተሻገሩ። የሚገርመው፣ በተገኙበት ምድር የቀሩት ዘመዶቻቸው ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት ጠፉ። ፈረስ ወደ አሜሪካ የተመለሰው በ16ኛው ክፍለ ዘመን በስፔናውያን መርከብ ተጭኖ ነው።

ከዚህ የባሰ ያስደነቀኝ እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነ ግኝት ነው። በካናዳ ሰሜን ጫፍ በኤልስሜር ደሴት የተገኙ ስብርባሪ የእግር አጥንቶች የግመል ሆነው ተገኙ፤ ዕድሜያቸው 3.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ያች ግመል ከዛሬዎቹ በሲሶ ገደማ ትተልቅ ነበር። የምትኖረው በረጅም ክረምት፣ በበረዶና ለወራት ፀሐይ በማይወጣበት ጨለማ ውስጥ ነው። አጥኚዎቹ እንደሚሉት ሰፊው እግር በለስላሳ በረዶ ላይ፣ የስቡ ክምችትም ምግብ በሚጠፋበት ክረምት ሳይጠቅሟት አይቀርም። እንግዲህ ለአሸዋ የተሠራ የምንለው አካል ምናልባት መጀመሪያ የተፈተነው በበረዶ ላይ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ግመልን «የበረሃ እንስሳ» ብሎ መጥራት ግማሹን ታሪክ መቁረጥ ይመስለኛል።

እግራቸውን ላስቀድም፤ እኔ ራሴ በእጄ ዳስሼ ያወቅኩት እሱን ነውና።

ፈረስ የሚቆመው በአንድ ጣት ላይ ነው። ሰኮናው የመካከለኛው ጣት ጥፍር ነው፤ ሌሎቹ ጣቶች በሚሊዮኖች ዓመታት ውስጥ መንምነው ጠፍተዋል። ከጉልበቱ በታች እጄን ሳወርድ የማገኘው ቆዳ፣ አጥንትና ጅማት ብቻ ነው፤ ሥጋው በሙሉ ወደ ላይ ወደ ትከሻውና ወደ ታፋው ተሰብስቧል። እግሩ ጫፉ ላይ ስለቀለለ በትንሽ ጉልበት በፍጥነት ይወዘወዛል። ከኋላ በኩል የሚወርደው ጅማት ደግሞ እንደ ሽቦ ይወጠራል፤ ሰኮናው መሬት ሲነካ ይለጠጥና ሲነሳ ያንን ጉልበት ይመልሳል። ፈረስ በሽምጥ ሲጋልብ ከምናየው ኃይል ቀላል የማይባለው ክፍል የጡንቻ ሳይሆን የዚህ ጅማት ስጦታ ነው። ችግሩም እዚያው ነው፤ የውድድር ፈረሶች የሩጫ ዘመን ብዙ ጊዜ የሚያበቃው ያው ጅማት ሲቀደድ ነው።

የግመል እግር ፍጹም ሌላ ነገር ነው። ሁለት ጣቶች አሏት፤ ጫፋቸው ላይ ትናንሽ ጥፍሮች ይታያሉ፤ ክብደቷን የሚሸከመው ግን ከሥር ያለው ትራስ የመሰለ ሰፊ መዳፍ ነው። ባለቤትየው አንዱን እግር አንሥተው ሲያሳዩኝ በአውራ ጣቴ ጫን አልኩት። ላዩ እንደ አሮጌ ጫማ ሶል የደረቀ፣ ውስጡ ግን በስብ የተሞላ ለስላሳ ነው። መሬት ሲረግጥ ይዘረጋል፤ ስለዚህ ግማሽ ቶን ያህል የሚመዝን አካል አሸዋው ሳይውጠው ያልፋል። በዚያው አሸዋ ላይ ፈረስ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይሰምጣል። ነገሩ ሲገለበጥ ግን ግመል ትቸገራለች፤ ጭቃ ላይ መዳፏ ይንሸራተታል፣ ስለታም ድንጋይም ያቆስላታል። ፈረስ በብረት ጫማ ድንጋዩን ይረግጣል።

አረማመዳቸውም ይለያያል። ፈረስ በሶምሶማ ሲሄድ የፊት ቀኝና የኋላ ግራ እግሮቹ አብረው ይነሣሉ። ግመል በአንድ ወገን ያሉትን ሁለቱን አብራ ታነሣለች፤ ጀርባዋ ላይ ያለ ሰው ከጎን ወደ ጎን የሚወዛወዘው ለዚህ ነው።

ስለ ፍጥነት ከተነሣ ክርክር የለም፤ ፈረስ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2008 ዊኒንግ ብሩ የተባለች ፈረስ በአጭር ርቀት በሰዓት 70.76 ኪሎ ሜትር ሮጣ ክብረ ወሰን ይዛለች። የውድድር ግመል ለአጭር ጊዜ ወደ 65 ትጠጋለች፤ ረዘም ላለ ርቀት ግን 40 አካባቢ ትረጋለች። እኔን የሚማርከኝ ቁጥሩ ሳይሆን ከጀርባው ያለው አሠራር ነው። ያረፈ ፈረስ ልቡ በደቂቃ ከ30 እስከ 40 ጊዜ ይመታል። ሲጋልብ ከ220 ያልፋል። በዚያች ቅጽበት ጣፊያው ይጨመቅና በውስጡ ያስቀመጠውን ቀይ የደም ሕዋስ ወደ ደም ሥር ይለቃል፤ በደሙ ውስጥ የቀይ ሕዋሳት ድርሻ ከ40 በመቶ ገደማ ተነሥቶ ከ60 በመቶ በላይ ይደርሳል። ፈረስ ራሱ ለራሱ ደም ይለግሳል ማለት ነው። ትንፋሹም ከእርምጃው ጋር ይያያዛል፤ በአንድ ዝላይ አንድ ትንፋሽ። በአፉ መተንፈስ ስለማይችል ያን ሁሉ አየር የሚስበው በአፍንጫው ብቻ ነው። የፈረስ አፍንጫ ሲነፋ ለምን እንደሚያምር የገባኝ ይህን ካወቅኩ በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ እሳት ታዲያ ሙቀት ያመጣል፤ ሙቀቱም መውጣት አለበት። ፈረስ የሚያስወጣው በላብ ነው። በሞቃት ቀን ጠንክሮ የሚሠራ ፈረስ በአንድ ሰዓት 10 ሊትርና ከዚያም በላይ ላብ ሊያፈስ ይችላል። ከኮርቻው ሥርና ከታፋዎቹ መካከል የምናየው ነጭ አረፋ በላቡ ውስጥ ካለ፣ እንደ ሳሙና ከሚያረፋ ፕሮቲን የመጣ ነው፤ ላቡ በጸጉሩ ላይ ተሰራጭቶ በቶሎ እንዲተን ይረዳዋል። ውኃና ጨው እስከተሰጠው ድረስ ይህ ድንቅ ማቀዝቀዣ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ በሚካሄደው የረጅም ርቀት ግልቢያ ፈረሶች በአንድ ቀን 160 ኪሎ ሜትር ተራራ ያቋርጣሉ፤ በየጣቢያው የእንስሳት ሐኪም የልብ ምታቸውን ይመረምራል፣ ውኃም ይቀርብላቸዋል። ውኃው ከቀረ ግን ያው ላብ ፈረሱን ይገድለዋል። ሲሮጥ ያቀዘቀዘው ነገር ደሙን ያደርቀዋል።

ግመል ሒሳቡን ከሌላ በኩል ጀመረችው። ኖርዌይ ተወልዶ አሜሪካ ውስጥ ይሠራ የነበረው ክኑት ሽሚት-ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አልጄሪያ ሰሃራ ውስጥ ከግመሎች ጋር ተቀምጦ ያደረገው ምርምር ለእኔ ከተደነቁ የእንስሳት ጥናቶች አንዱ ነው። ውኃ የተጠማች ግመል የአካሏ ሙቀት በሌሊት ወደ 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይወርዳል፤ ቀን ከ40 በላይ እስኪደርስ ድረስ አያልባትም ማለት ይቻላል። ሌላ እንስሳ ትኩሳት ያዘው የምንልበት ደረጃ ላይ እሷ ዝም ብላ ትቆማለች። 500 ኪሎ ግራም የሚመዝን አካል ስድስት ዲግሪ እስኪሞቅ ድረስ የሚይዘው ሙቀት በላብ ይውጣ ቢባል አምስት ሊትር ገደማ ውኃ ይፈጃል። ግመል ያን ሙቀት ይዛው ትውላለች፤ ሌሊት ሲበርድ በነጻ ለሰማዩ ትመልሰዋለች። ጠግባ የጠጣች ቀን ግን ይህን አታደርግም፤ የሙቀቷ ልዩነት ወደ ሁለት ዲግሪ ዝቅ ይላል። መጠማቷን አውቃ ነው የምትቆጥበው።

ሌላው ቁጠባ ደሟ ላይ ነው። አብዛኞቹ አጥቢ እንስሳት በሙቀት ውስጥ የውኃ መጠናቸው ሲቀንስ ደማቸው ይወፍራል፤ ልብ የወፈረውን ደም ወደ ቆዳ ማድረስ ሲያቅተው የውስጥ ሙቀት ድንገት ይወጣና ሞት ይከተላል። ግመል ከክብደቷ ሩብ ያህል ውኃ ስታጣ እንኳ ከደሟ የሚጎድለው ጥቂት ነው፤ ብዙው የሚጎድለው ከሌላው አካሏ ነው። ቀይ የደም ሕዋሶቿ እንደ ሌሎች አጥቢዎች ክብ ሳይሆኑ ሞላላ ናቸው፤ ውኃ ሲገባባቸው ከእጥፍ በላይ አብጠውም አይፈነዱም።

ይህ ለምን እንደሚያስፈልጋት ያየሁት በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። ባለቤትየው ለብዙ ቀናት ሳትጠጣ የቆየችውን ሌላዋን ግመል ወደ ገንዳው አመጡ። የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል፤ ሻኛዋ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል። አንገቷን ዘርግታ ከንፈሯን ውኃው ውስጥ ከተተች። ድምፅ የለም። ከመንጋጋዋ ሥር ተነሥቶ በረጅሙ አንገቷ ላይ ሽቅብ የሚጓዝ እብጠት ብቻ ይታያል፤ አንዱ ሳይደርስ ሌላው ይከተላል። የገንዳው ውኃ መስመር ሲወርድ በዓይኔ አየሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብላ አፏን አራገፈችና ቀጠለች። የተጠማች ግመል በአሥር ደቂቃ ገደማ 100 ሊትር መጠጣት ትችላለች። ሆዷ ሁለት ወገን ሲሞላ፣ ጎኗ ሲለሰልስ ቆሜ ተመለከትኩ። ከሰዓታት በኋላ ሌላ እንስሳ መስላ ነበር። የእኔ ፈረስ ከጎኗ ቆሞ ጥቂት ጠጣና ከንፈሩን አንጠባጠበ።

ስለ ሻኛው አንድ ነገር ካልተናገርኩ ዝም ማለት አልችልም። ውኃ አይደለም። ስብ ነው፤ በደንብ በበላች ግመል ላይ ከ30 ኪሎ ግራም ሊበልጥ ይችላል። ስቡ ሲቃጠል ውኃ ይወጣዋል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፣ ግን ለማቃጠል የሚያስፈልገውን አየር ስትተነፍስ የምታጣው ውኃ ትርፉን ይበላዋል። የሻኛው ጥበብ ሌላ ቦታ ነው። ስቡ በአንድ ስፍራ ስለተከመረ ሌላው አካሏ በስብ ብርድ ልብስ አልተሸፈነም፤ ሙቀት በቀላሉ ይወጣላታል። ቁጠባዋ እስከ ትንፋሿና እስከ ሽንቷ ይዘልቃል። የአፍንጫዋ ውስጥ ከምታስወጣው አየር እርጥበት ይይዛል፤ ኩላሊቷ ሽንቷን እንደ ሽሮፕ ያወፍረዋል፤ ፋንድያዋም ወዲያው ሊነድ የሚችል ደረቅ ነው።

ምግብ ላይ ፈረስ ያሳዝነኛል። ሣሩ የሚብላላው ከጨጓራው በኋላ በትልቁ አንጀቱ ውስጥ ስለሆነ ብዙ ንጥረ ነገር ሳይጠቀምበት ያልፈዋል፤ ስለዚህ የቀኑንና የሌሊቱን አብዛኛ ክፍል ሲግጥ ማሳለፍ አለበት። ማስታወክም አይችልም። አንጀቱ ከተዘጋ ወይም ከተጠማዘዘ መውጫ የለውም። የምወደው አንድ ፈረስ በአንድ ሌሊት በቁርጠት ሲሞት አጠገቡ ነበርኩ፤ ጎኑን ዞሮ እያየ፣ እየተነሣና እየወደቀ ነጋ። ግመል ያንኑ ድርቆሽ ባለ ሦስት ክፍል ሆዷ ውስጥ አቆይታ፣ መልሳ አመስኳታ ታወጣዋለች። ፈረስ የማይጠጋውን እሾህም በጠንካራ ከንፈሯና ሾጣጣ ሥጋዎች በሞሉት አፏ ትቀነጥሰዋለች።

በጭነትም እንዲሁ ነው። ፈረስ ከክብደቱ አምስተኛውን ያህል በጀርባው ቢሸከም ይበቃዋል፤ ብርታቱ በመጎተት ላይ ነው፤ የሞተር ኃይል እስከ ዛሬ «የፈረስ ጉልበት» ተብሎ የሚለካውም በዚሁ ነው። ግመል ከ150 እስከ 200 ኪሎ ግራም ተሸክማ ቀን ለቀን ትጓዛለች።

ብዙ ሰው የማያነሣው ሌላ ግጥምጥሞሽ አለ፤ ሁለቱም በደማቸው የሰው ሕይወት ያተርፋሉ። እ.ኤ.አ. ከ1890ዎቹ ጀምሮ ፈረሶች ዲፍቴሪያ የተባለውን የጉሮሮ በሽታ የሚያረክስ ሴረም (ከደም የሚወጣ ፈሳሽ) ሰጥተው ስፍር ቁጥር የሌላቸውን ሕፃናት ከመታፈን አድነዋል፤ በእባብ ለተነደፈ ሰው የሚሰጠው መድኃኒትም ዛሬ በብዛት የሚዘጋጀው ከፈረስ ደም ነው። ግመልን በተመለከተ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1993 የቤልጅየም ተመራማሪዎች በደሟ ውስጥ ከሌሎች አጥቢ እንስሳት የተለየ፣ ቀለል ያለ ፀረ እንግዳ አካል (በሽታን የሚከላከል የደም ፕሮቲን) ማግኘታቸውን ይፋ አደረጉ። ትንሽና ጠንካራ ስለሆነ ትልልቆቹ የማይገቡበት ይገባል። በዚህ መንገድ የተሠራው የመጀመሪያው መድኃኒት፣ የግመል ዘመድ ከሆነው ከላማ የተወሰደ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በአውሮፓ ተፈቅዷል።

ስለ ሁለቱ ሳስብ በመጨረሻ ሐሳቤ የሚያርፈው ጎቢ በረሃ ላይ ነው። ባለ አንድ ሻኛዋ ግመል በዱር የምትኖር ዘመድ አልቀረላትም። ባለ ሁለት ሻኛዋ የዱር ግመል ግን በሞንጎሊያና በቻይና በረሃዎች ውስጥ አሁንም አለች፤ ብዛቷ 1,000 ገደማ ቢሆን ነው። ጨዋማ ውኃ ጠጥታ ትኖራለች። በዚያው አገር ፕርዤቫልስኪ የሚባለው የዱር ፈረስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ከዱር ጠፍቶ ነበር፤ በእንስሳት ማቆያ ከተረፉ ጥቂት ፈረሶች ተራብቶ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ወደ ሞንጎሊያ ተመለሰ። በአንድ አህጉር ተገኝተው፣ አንዱን ድልድይ ተሻግረው፣ የዱር ዘራቸው የመጨረሻ መጠጊያ ያደረገው አንድ በረሃ መሆኑ ልቤን ይነካዋል።

ያን ዕለት ማምሻውን ግመሎቹ ለመተኛት ተዘጋጁ። አንዷ የፊት ጉልበቶቿን አጥፋ ተንበረከከች፤ ከዚያ የኋላ እግሮቿን ሰበሰበች፤ በመጨረሻም ደረቷ ላይ ባለው ጠንካራ ቆዳ ተደግፋ አረፈች። ያ ቆዳ ሆዷን ከመሬቱ ከፍ ስለሚያደርገው ከሥሯ ነፋስ ያልፋል። ፈረሱ ሁሉንም ቆሞ አየ። ልጓሙን ፈታሁለት። በዝግታ፣ አንገቱን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ለመሸሽ የኋላ እግሮቹን እንዳዘጋጀ ቀረባት። አፍንጫው አፍንጫዋ ጋ ሊደርስ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆሞ በረጅሙ ሳበ። እሷም አሸተተችው።

«አሁን ተዋወቁ» አሉ ሽማግሌው።

ፈረሱ ሦስት እርምጃ ወደ ጎን ሄደና ቆመ። የኋላ ጉልበቱ ተቆለፈ፤ ሌላውን እግር አሳርፎ በሰኮናው ጫፍ ብቻ መሬቱን ነካ፤ የታችኛው ከንፈሩ ቀስ ብሎ ወረደ። ቆሞ አንቀላፋ። ግመሏ አጠገቡ ታመሰኳ ነበር።